ያውቁ ኖሯል? ከመድረክ ወርደው ካሜራውን የያዙት!

የዛሬው ዓምዳችን የተዋንያን ነው! ግን ተዋናይ ሆነው ያልቀሩት ተዋንያን! የሰው ድርሰት ሲያጠኑ፣ የሰው ትእዛዝ ሲቀበሉ ቆይተው አንድ ቀን ካሜራውን ራሳቸው የያዙት! የደብረ ብርሃንን ብርድ ሸሽተው ቤት የተቀመጡ አንባቢያችን፣ ጋቢዎን ደረብ ያድርጉ፤ አንዳንዱ ጉድ የሚነሣው ከደጅዎ ነው! (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይያዙልን።)

የአበበ ቢቂላን ታሪክ ፊልም ያደረገው ሰው ራሱ አበበን ሆኖ እንደተወነ ያውቁ ኖሯል? ስሙ ራሴላስ ላቀው ነው! «አትሌቱ» የተሰኘው ፊልም በ2009 ሲወጣ ራሴላስ መሪ ተዋናይ ነበር፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር፤ ከሁለቱ ዳይሬክተሮችም አንዱ እርሱ ነበር! ከካሜራው ፊትም እርሱ፣ ከካሜራው ጀርባም እርሱ! (ሁለተኛው ዳይሬክተር ዴቪ ፍራንክል ይባላል።)

ይህ ፊልም ኢትዮጵያ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልሞች ውድድር የላከችው የመጀመሪያው ፊልም ነው! ጊዜው 83ኛው የኦስካር ሽልማት ነበር። ከዚያ በፊት አንድም አልተላከም! በሮምም በኦስካርም በሩን የከፈተልን ያው ሯጭ ሆነ!

አበበ የተወለደው የት ይመስልዎታል? ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ፣ መንዲዳ አጠገብ፣ ጃቶ በምትባል መንደር! ቀኑስ? ኦገስት 7 ቀን 1932! በዚያችው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር! ወርቁን የወሰደው አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ሳባላ ነበር። ያን ዕለት ጃቶ ውስጥ ማን እንደተወለደ ማን ነግሮት!

ሮም ላይ በ1960 በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ የማያውቅ የለም። ግን ተፎካካሪውን ጥሎ የተፈተለከው የት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ፋሺስት ኢጣሊያ ዘርፋ በወሰደችው በአክሱም ሐውልት አጠገብ! ቦታውን ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድመው ነበር የመረጡት! ይህን ትዕይንት አንድ ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ «አበዛኸው» ይባል ነበር።

ቶኪዮ ላይ በ1964 የሮጠው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በጥቂት ሳምንታት ነው! 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ! የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያስ? ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እርሱ ሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር!

ያንን ሩጫ ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ አስቀርቶታል! ፊልሙ በ1965 ወጣ። የጃቶው ልጅ ፊት ስክሪኑን ሞልቶት ይሮጣል! አንድም ቃል አይናገርም! ከፊልሙ ኮከቦች አንዱ ግን እርሱ ነው!

ደስቲን ሆፍማን የተወነበትን «ማራቶን ማን» የተባለ የ1976 የሆሊዉድ ፊልም አይተውታል? የሚከፈተው በማን ይመስልዎታል? በአበበ ቢቂላ ሩጫ! በዚያን ጊዜ አበበ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር።

አበበ በመኪና አደጋ ሽባ ከሆነ በኋላም አሸንፏል! በምን? በውሻ በሚጎተት ስሌጅ! የት? ኖርዌይ፣ በረዶ ላይ! ዘመኑ 1971፣ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር! አደጋ የደረሰባት ቮልስዋገን ደግሞ ከቶኪዮ ድል በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ የተሸለማት መኪና ነበረች።

እግረ መንገዳችንን፦ ራሴላስ የሚባል የሐበሻ ልዑል ያለበት ልቦለድ በ1759 ለንደን ላይ እንደታተመ ያውቁ ኖሯል? ደራሲው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ነው! ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም! ልቦለዱን ወደ አማርኛ የመለሱት ሲራክ ኅሩይ ናቸው። አባታቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የየት አገር ሰው ናቸው? የመርሐ ቤቴ! የሰሜን ሸዋ!

ሰሜን ሸዋን ካነሣን አይቀር መድረኩንም እንንካው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ደራሲ የሰያደብር ተወላጅ እንደሆኑ ያውቁ ኖሯል? ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም! በልጅነታቸው አድዋ ዘምተዋል! ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንንነት ተምረዋል! ተመልሰው ምን ጻፉ? እንስሳት የሚናገሩበት የሽሙጥ ቴአትር! «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»!

አውሬዎቹ ሹማምንቱን ነኩ! ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትሩን አገዱት! ታዲያ እኒሁ የታገደ ቴአትር ደራሲ ኋላ ምን አረቀቁ ቢባል ያምናሉ? የ1931ዱን ሕገ መንግሥት!

አዲስ አበባ ላይ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1955 ሲመረቅ የቀረበው ድርሰት የማን ነበር? የጠቅላይ ሚኒስትሩ! ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው፣ የተጉለቱ ሰው፣ «ዳዊትና ኦርዮን»ን ጽፈው ነበር! አገር እየመሩ ተውኔት! የዛሬ ሹማምንት ሪፖርት ከመጻፍ አልፈው ያውቁ ይሆን?

የሰሜን ሸዋው ከበደ ሚካኤልም «አኒባል»ን ጽፈዋል! የካርቴጁን የጦር አበጋዝ፣ ሰሜን አፍሪካዊውን! ይህችን ካርቴጅ ልብ ይበሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን!

አሁን ወደ ዋናው ሰው! ኃይሌ ገሪማ ፊልም ሠሪ ለመሆን ከአገር እንዳልወጡ ያውቁ ኖሯል? የወጡት ተዋናይ ሊሆኑ ነበር! ጎንደር ላይ በ1946 ተወለዱ፤ በ1967 ቺካጎ ገቡ፤ ጉድማን በተባለ የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ይማሩ ጀመር!

ነገሩ ከቤት የመጣ ነው! አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛ ነበሩ፤ ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ታሪክም ይጽፉ ነበር! «ጎንደሬ በጋሻው» የእርሳቸው መጽሐፍ ነው። ልጃቸው ኋላ የአርበኞችን ፊልም ለመሥራት ሲነሣ ባለታሪኩን ለመፈለግ ሩቅ አልሄደም!

ኃይሌ በልጅነታቸው ለማን ይጮኹ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ለታርዛን! ጎንደር ሲኒማ ቤት ውስጥ አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት ልጆቹ ሁሉ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር! ከፊልሙ ሲወጡ ተራራ ላይ ካውቦይና ሕንድ ይጫወታሉ፤ ሁሉም ካውቦይ መሆን ይፈልጋል! ይህንን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውንም ያንን ጩኸት የሚያፈርስ ፊልም ሲሠሩ ኖሩ!

ጉድማን ላይ ምን ሚና ተሰጣቸው? የአሽከር! የአጎብዳጅ! ከጎንደር ድረስ ተጉዞ ትሪ ለመሸከም! ኃይሌ አኮረፉ፤ ከዚያም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሎስ አንጀለስ ወረዱ። ዩሲኤልኤ ገብተው ፊልም ተማሩ! የዚህ ጸሐፊ እምነት ይኸው ነው፦ ያ ትምህርት ቤት ጥሩ ሚና ቢሰጣቸው ኖሮ ዛሬ «ጤዛ» የሚባል ፊልም አይኖረንም ነበር!

ከእርሳቸው ሃያ ዓመት ቀድሞ ሌላ አፍሪካዊ ይህንኑ መንገድ ሄዷል! ግብፃዊው ዩሱፍ ሻሂን! የእስክንድርያ ልጅ! ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ሄዶ ትወና ተማረ፤ ካይሮ ሲመለስ ዳይሬክተር ሆነ!

ኦማር ሸሪፍን ለፊልም ያበቃው ማን ነው? ሻሂን! በ1954! «ላውረንስ ኦቭ አረቢያ» ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር!

ሻሂን ግን ትወናውን ጨርሶ አልተወውም! በ1958 «ባብ ኤል ሐዲድ» በተባለው ፊልሙ ላይ ዋናውን ሚና ራሱ ያዘው! ምን ሆኖ? በካይሮ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ የሚሸጥ አንካሳ! ያኔ ተመልካቹ ተቆጣ፤ ዛሬ ፊልሙ ከአረብ ሲኒማ ቁንጮዎች አንዱ ነው!

ወደ ኃይሌ እንመለስ! የመጀመሪያ አጭር ፊልማቸው በ1971 የተሠራው «አወር ግላስ» ነው። ባለታሪኩ ማን ነው? ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች! ጎንደሬ ዳይሬክተር፣ የአሜሪካ ኳስ!

ሁለተኛው ከሕልም የተነሣ ነው! የጥቁሮች መብት ታጋይዋን አንጄላ ዴቪስን እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን አዩ፤ ተኙ፤ አለሙ! ሕልሙ ፊልም ሆነ! «ቻይልድ ኦቭ ሬዚስታንስ»፣ 1972!

«ቡሽ ማማ» የተባለው ፊልማቸውስ ከምን ተነሣ? ከቺካጎ ክረምት! አንዲት ጥቁር ሴት በዚያ ብርድ ከቤቷ ተባርራ ዕቃዋ ውጭ ሲጣል አዩ። ያቺ ሴት ከአእምሯቸው አልወጣችም! ከዓመታት በኋላ ዶረቲ የተባለች ገጸ ባሕርይ ሆና ብቅ አለች።

አሁን ይህንን ይስሙ! «ቡሽ ማማ» ሲቀረጽ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ቀራጮቹን አስቁመው ፈተሹ! ጥቁር ወጣቶች፣ በዚያ ላይ ካሜራ የያዙ! ካሜራው ግን አልቆመም! ኃይሌ ያንን እውነተኛ ፍተሻ ወስደው የፊልሙ መክፈቻ አደረጉት! ፖሊሶቹ ሳያውቁት ተወኑ! ያለ ልምምድ! ያለ ክፍያ!

የዚህ የተማሪ ፊልም ካሜራ ማን እጅ ነበር? ከካሜራ ባለሙያዎቹ አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው! እርሱ ራሱ ዛሬ ከአሜሪካ ታላላቅ ጥቁር ዳይሬክተሮች አንዱ ሆኗል። ተማሪዎቹ አንዱ ለአንዱ ካሜራ ይይዙ ነበር፤ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» ብለው ሰየሟቸው!

ዶረቲን ሆና የተጫወተችው ባርባራ ኦ ናት! ኋላ በጁሊ ዳሽ «ዶተርስ ኦቭ ዘ ደስት» ላይ ተወነች። ከዚያ ፊልም ውበት ደግሞ ቢዮንሴ በ2016 ለ«ሌመኔድ» ቀዳች! ከኃይሌ ገሪማ እስከ ቢዮንሴ ሁለት እርምጃ!

«ቡሽ ማማ» በ2022 የት እንደገባ ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የፊልም መዝገብ! በየዓመቱ 25 ፊልሞች ብቻ ይመረጣሉ። በዚያ ዓመት አብረውት ከተመረጡት ውስጥ «አይረን ማን» እና «ዘ ሊትል መርሜይድ» ይገኛሉ! የብረት ሰው፣ የባሕር ልጃገረድ፣ የጎንደሬ ፊልም!

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በሁለት ሳምንት እንደተቀረጸ ያውቁ ኖሯል? ሁለት ሳምንት! ኃይሌ ገና ተማሪ ነበሩ! በ1974 ለዕረፍት አገር ቤት መጡ፤ ዘውዱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ እርሳቸው ገጠር ገብተው ባላባትና ጭሰኛ ይቀርጹ ነበር! ፊልሙ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋንያኑ በሙያው ያላለፉ ሰዎች ናቸው። በ1976 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ!

የዚያ ፊልም ካሜራማን ኤልየት ዴቪስ ይባላል። እርሱ ራሱ በ2008 ምን ቀረጸ? «ትዋይላይት»ን! የቫምፓየሮቹን ፍቅር! ከጭሰኛ ጎጆ ወደ ደም መጣጮች ጫካ!

በዚያው ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ ተዋናይ ሆሊዉድን ተዳፍሮ ነበር! ደበበ እሸቱ! በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ! የፊልሙ ከፊል እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተቀረጸው።

ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ ዋሺንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማሩ ያውቁ ኖሯል? ማስትሬታቸውን ገና ሳይዙ! ዲግሪው በዓመቱ ተከተለ!

ብራድፎርድ ያንግ የሚባለውን ካሜራማን ያውቁታል? «ሴልማ»ን የቀረጸው! በ«አራይቫል» ፊልም ለ2017 ኦስካር የታጨው! የማን ተማሪ ነው? የኃይሌ!

በሰሜን ካሮላይና በግፍ ስለታሰሩ አሥር ሰዎች «ዊልሚንግተን 10» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል። ጊዜው የ1970ዎቹ ማብቂያ ነበር፤ ፍርዱ በ1980 ተሻረ! ሙሉ ምሕረቱ ግን እስከ 2012 የመጨረሻ ቀን ድረስ ቆየ!

«አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ከቬትናም ጦርነት ስለተመለሰ ጥቁር ወታደር ነው። በ1982 ተሠራ፤ በርሊን ላይ የዓለም አቀፍ የፊልም ሐያስያን ማኅበር ሽልማትን አገኘ! የአሜሪካ ሰፊ ሕዝብ ግን ያየው በ2016 እንደገና ሲወጣ ነው! ፊልሙ ሠላሳ ዓመት አልፎት እንደ አዲስ ተከፈተ!

አሁን «ሳንኮፋ»! ታሪኩ ራሱ ጉድ ነው። አንዲት ዘመናዊት ሞዴል ጋና ውስጥ በሚገኝ የባሪያ መሸጫ ግንብ ፎቶ ስትነሣ ድንገት ወደ ኋላ ትወረወራለች! ዓይኗን ስትገልጥ በሸንኮራ እርሻ ላይ ባሪያ ሆናለች! የኃይሌን ትዝታና ቁጣ አንድ ላይ ያገኙት እዚህ ነው!

በፊልሙ ውስጥ ግንቡን የሚጠብቀው፣ ነጭ የተቀባው ከበሮ መቺ ሽማግሌ ማን ናቸው? ኮፊ ጋናባ! ቀድሞ ጋይ ዋረን ይባሉ የነበሩት! በ1950ዎቹ ቺካጎ ሄደው ጃዝ የተጫወቱ ታዋቂ ጋናዊ! በዚያው ከተማ፣ ኃይሌ ትወና ሊማሩ በሄዱበት!

ሻንጎ የተባለውን ዓመፀኛ የተወነውስ? ጃማይካዊው ባለቅኔ ሙታባሩካ! ሬጌ የሚወድ ወዳጅ ካለዎት ይጠይቁት፤ ስሙን ሲሰማ ከመቀመጫው ይነሣል!

«ሳንኮፋ» በ1993 በርሊን ላይ ለወርቃማው ድብ ተወዳደረ! አሜሪካ ሲገባ ግን አንድም ትልቅ አከፋፋይ አልነካውም! አንድም!

ታዲያ ምን ተደረገ? ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት ተከራዩ! አዎ፣ አዳራሹን በገንዘባቸው ተከራዩ! ፊልሙን በየከተማው ይዘው ዞሩ! ማኅበራት ትኬት አሻሻጡ፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ ሰልፉ ከአዳራሹ ተርፎ መንገድ ወጣ! ያልተፈለገው ፊልም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስገባ! በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሽልማቱ ሳይሆን ኪራዩ!

ከፊልሙ ስምና ገቢ ምን ተወለደ? መጻሕፍት ቤት! «ሳንኮፋ» ይባላል! ዋሺንግተን፣ ጆርጂያ አቬኑ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት! መጽሐፍ ይገዛሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ፊልም ያያሉ! ምግብ ዝርዝሩ ላይ ሳንድዊቾቹ በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ተሰይመዋል! ዳይሬክተር መብላት ካማረዎት እዚያ ነው!

ሺሪኪያና አይናም ዳይሬክተር ናቸው! በዩሲኤልኤ የተማሩ! ልጃቸው መራዊ ገሪማም ዳይሬክተር ነው! «ሬዚዱ» የተባለው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ በ2020 ቬኒስ ላይ ታየ! አያት ተውኔት ጸሐፊ፣ አባት ዳይሬክተር፣ እናት ዳይሬክተር፣ ልጅ ዳይሬክተር! በዚያ ቤት ጸበኛ የሚታረቀው በካሜራ ይሆን?

«ዘ ኢምፐረር» የተባለውን፣ ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የሚያወሳውን መጽሐፍ የጻፈው ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በኃይሌ ፊልም ውስጥ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? «ኢምፐርፌክት ጀርኒ» ይባላል፤ ለቢቢሲ የተሠራ የ1994 ዘጋቢ ፊልም ነው። ሁለቱ ደርግ ከወደቀ በኋላ ኢትዮጵያን አብረው ዞሩ!

በ1999 ደግሞ «አድዋ»! አዛውንት ይናገራሉ፣ አዝማሪ ያዜማል፣ የጥንት ሥዕል ይንቀሳቀሳል! ጎንደሬው ዳይሬክተር የሸዋውን ንጉሥ፣ የአፄ ምኒልክን ድል ፊልም አደረጉት!

ያ ንጉሥ የት ተወለዱ? አንጎለላ! ከደብረ ብርሃን አፍንጫ ሥር! በ1844! እቴጌ ጣይቱን በቁርባን ያገቡትስ? አንኮበር መድኃኔ ዓለም፣ በ1883! እቴጌይቱ ወገናቸው ከበጌምድርና ከስሜን፣ ንጉሡ ከሸዋ! አንኮበርን ሲወጡ ያንን ዳገት በሙሽራ ፈረስ ያስቡት!

«ጤዛ» 14 ዓመት እንደፈጀ ያውቁ ኖሯል? ምርቱ የሁለት ሳምንት፣ ጤዛው የ14 ዓመት! «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በተማሪ ኪስ የቀረጹት ሰው፣ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ሆነው ገንዘብ ፍለጋ ሲንከራተቱ ከረሙ!

ባለታሪኩ አንበርብር ይባላል። ጀርመን የተማረ ሐኪም ነው፤ በ1990 ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል! አንድ እግሩን አጥቶ! እንዴት እንዳጣው አንነግርዎትም፤ ይዩት! አንበርብርን የተወነው አሮን አረፈ ነው።

በሴፕቴምበር 2008 «ጤዛ» ቬኒስ ላይ ሁለት ሽልማት አፈሰ! የዳኞች ልዩ ሽልማት! የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት! የዳኞቹ ሰብሳቢ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ነበሩ። ትወና ሊማሩ ወጥተው በብዕር ተሸለሙ!

ዩሱፍ ሻሂን መቼ እንዳረፈ ያውቁ ኖሯል? በዚያው በ2008፣ በጁላይ 27! ግብፃዊው በሞተ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ኢትዮጵያዊው ቬኒስ ላይ ተሸለሙ!

ካርቴጅን ልብ ይበሉልን ብለን ነበር! ቱኒዝያ ውስጥ በአኒባል አገር ስም የተሰየመ የፊልም ፌስቲቫል አለ፤ በ1966 ተመሠረተ፤ ከአፍሪካ ፌስቲቫሎች አንጋፋው ነው! ሽልማቱ «ወርቃማው ጣኒት» ይባላል፤ ጣኒት የጥንት ካርቴጃውያን አምላክ ናት! ሻሂን በ1970 ወሰደው። በ2008ስ? «ጤዛ»! ከበደ ሚካኤል ስለ ካርቴጅ ጻፉ፣ ኃይሌ ገሪማ ከካርቴጅ ወርቅ ይዘው ተመለሱ!

በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ! የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫል! የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ! የአፍሪካ ሲኒማ ትልቁ ሽልማት ነው፤ እርሱንም «ጤዛ» ጋልቦ ወሰደው!

«ሳንኮፋ» ኔትፍሊክስ ላይ መቼ እንደወጣ ያውቁ ኖሯል? በሴፕቴምበር 24 ቀን 2021! በተሠራ በ28 ዓመቱ! አዲስ አድርጎ ያወጣው የዳይሬክተር አቫ ዱቨርኔ ድርጅት ነው። አከፋፋይ ያጣው ፊልም አንድ ሌሊት ሳይሞላ በብዙ አገር ቤቶች ውስጥ ገባ!

በማግሥቱስ? በሴፕቴምበር 25፣ የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ሎስ አንጀለስ ላይ ሊከፈት ዋዜማውን ሲያከብር፣ «ቫንቴጅ» የተባለ አዲስ ሽልማት ሰጠ! የመጀመሪያው ተሸላሚ ኃይሌ ገሪማ! ፖሊስ በካሜራቸው ምክንያት ባስቆማቸው ከተማ!

ይህን ሁሉ አንብበው «ጤዛ»ን ገና ካላዩ ጥፋቱ የእርስዎ ነው! 140 ደቂቃ ብቻ ነው! ቋንቋው የእርስዎ፣ እናቲቱ የእርስዎ፣ ቄሱና ሽማግሌው የእርስዎ! በዚህ ሳምንት ይፈልጉት፤ ከዚያ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያስከትሉ፤ ልጆችዎንም አጠገብዎ ያስቀምጡ!